ያልታሸገ ውጤት

«እኔ አይደለሁ እንዴ የነገርኳት!» አለች የሦስተኛ ፎቋ ሴትዮ፣ ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች መስሏት። «ጉሊቱ ጋ ሽንኩርት ስትመርጥ አገኘኋትና እጇን ያዝ አድርጌ፣ ‹እትዬ ፀሐይ፣ ይሄ ክፉ በሽታ ጨጓራሽ ላይ ነው የወጣው አሉ፤ ጠበሉን አትተዪ› አልኳት። ደነገጠች መሰለኝ። ሽንኩርቷን አስመዝና ሄደች።»

ናዝሬት ወጥ ቤት ቆማ ለለቅሶ ደራሾቹ ሻይ እየቀዳች ነበር። የለቡ መብራት ኃይል ኮንዶሚኒየም ግድግዳ ጎረቤት ሲያስነጥስ ከዚህ በኩል «ይማርህ» የሚያስብል ነው። ሳሎንና ወጥ ቤቱን የሚለየውማ ከዚያም ይብሳል። አባቷ አቶ እንግዳ ወደ መታጠቢያ ቤት እስኪሄድ ጠብቀው ነው ወሬውን የጀመሩት።

«አንቺስ ከማን ሰማሽው?» አለች አብራት የመጣችው።

«ከማን ይሆናል? ከቦንሳ ሚስት ነዋ! ቦንሳ በዋይፋዩ አይቶት። ከነስሟ፣ ከነአባቷ ስም! የላፍቶው ላቦራቶሪ ውጤቱን በኢንተርኔት ሲልክላቸው በሱ መስመር አይደል የሚያልፈው? ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር እኮ። ሳታውቅ የቀረችው እሷ ብቻ ነበረች። አሳዘነችኝ፤ ለነፍሴ ብዬ ነው የነገርኳት።»

ናዝሬት ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች። ሻዩ ከብርጭቆው ሞልቶ ትሪው ላይ ተኝቷል። እናቷ ፀሐይወርቅ ከኅዳር በኋላ ለምን ሆስፒታል መሄድ እንዳቆመች እስከዛሬ ጠዋት ድረስ በዚህ ቤት ያወቀ ሰው አልነበረም። ሐኪሙ መድኃኒቱ አያድናትም፣ ጊዜ ግን ይሰጣታል ብሎ ነበር። አባቷ ለመናት፤ የንስሐ አባቷ መጥተው ገሠጿት፤ ናዝሬትም አለቀሰችባት። ለሁሉም እሺ ትልና የቀጠሮው ቀን ሲደርስ «ደክሞኛል፤ ተዉኝ» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ‹የጨጓራ ቁስለት ነው፤ ይድናል› ያሏት ሰዎች አልጋዋ ዙሪያ ተደርድረው ሲለምኗት ምን ታስብ እንደነበር ናዝሬት አሁን ገባት። እየዋሿት መሆኑን ታውቅ ነበር። እያወቀች ዝም አለቻቸው፤ ዝም እንዳለች በየካቲት ሞተች።

በዚህ አገር መርዶ እንኳ ደንብ አለው። ሰው የሞተበት ሰው በስልክ አይነገረውም። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ዘመድ ይከበዋል፣ ሲወድቅ የሚደግፈው ጎረምሳ ከኋላው ይቆማል፤ በሩ የሚንኳኳው ከዚያ በኋላ ነው። ለፀሐይወርቅም ከገና በኋላ፣ ትንሽ ስትበረታ፣ በንስሐ አባቷ አፍ፣ ባሏና ልጇ ግራና ቀኝ ይዘዋት እንዲነገራት ነበር የተመከረው። ክፉም ይሁን ደግ የቤተሰቡ ምክር ይሄ ነበር። እሷ ግን የራሷን መርዶ ጉሊት ላይ ቆማ፣ ኪሎው መቶ ሃያ የገባ ሽንኩርት በእጇ እንደያዘች ሰማች። ከዚያ ሽንኩርቷን ተሸክማ አራት ፎቅ ወጣች። ያን ቀን ምን ሠርታ አብልታን ይሆን፣ አለች ናዝሬት በልቧ። ልታስታውሰው አልቻለችም፤ አለማስታወሷ ይበልጥ አናደዳት።

አባቷ ሲመለስ ሴቶቹ ወሬውን ቀየሩ። ከዚያ የወትሮውን ተነጋገሩ፤ ዘይት ስለመወደዱ፣ ውኃ ከመጣ አራተኛ ቀኑ ስለመሆኑ፣ እድሩ ድንኳኑን ስለማሳደሱ። ሻያቸውን ጨርሰው «እግዜር ያጥናችሁ» ብለው ወጡ። አቶ እንግዳ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ያልተከፈተው ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ ቀረ።

«አባዬ፣ ሰማህ?»

«ሊንኩን የከፈትኩት እኔ ነኝ» አለ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሣ። «ስልኬ ላይ መጣ። ተጫንኩት። አንቺ ቢሮ ነበርሽ፤ ደውዬ ፊደል በፊደል አነበብኩልሽ። ዋይፋዩ ካለ ካርድ ለምን አቃጥላለሁ ብዬ...» ሳይጨርሰው ተወው። ናዝሬት አጠገቡ ሄዳ ልታቅፈው ፈለገች። በዚህ ቤት ግን መተቃቀፍ ለበዓልና ለለቅሶ ነው፤ የለቅሶውም ቀን አልፏል። ብርጭቆዎቹን ሰብስባ አጠበችና ጥቁር ሻሿን አስራ ወጣች።

ቦንሳን ደረጃው ላይ አገኘችው፤ ዳቦ ገዝቶ ሲመለስ። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ አንድ የኢንተርኔት መስመር አስገብቶ ለስድስት ቤት በየወሩ እያካፈለ ይኖራል፤ ገመዱ በየኮሪደሩ እንደ ልብስ መስጫ ተዘርግቷል። ሰላምታ ሊሰጣት ባርኔጣውን ሲነካ ቀደመችው።

«አቶ ቦንሳ፣ የሰው ምስጢር ማንበብ ደስ ይላል?»

ፊቱ ተለዋወጠ። «ስሚኝ ልጄ፣ እኔ መስመሩን ማን እንደሚጨርሰው ለማየት ነው ያችን ፕሮግራም ያስገባኋት። የሌላው ሰው የከፈተው ድረገጽ አድራሻ ብቻ ነው የሚታየኝ። የናንተ ግን እንዳለ ወረቀቱ መጣ። ክፍት ነበር! መንገድ ላይ ያልታሸገ ደብዳቤ ወድቆ ብታገኚ አታይውም?»

«አየዋለሁ። አይቼ ለባለቤቱ እመልሳለሁ እንጂ ለቤቴ ሰው አላነብም።»

«ሚስቴ እንኳ አዝና ነው...»

«ሁላችሁም አዝናችሁ ነው» አለችና አልፋው ወረደች።

ክፍት ነበር። ታክሲ እስክትሳፈር ድረስ ይቺ ቃል ጆሮዋ ላይ ጮኸች፤ ምክንያቱም ክፍት እንደነበር ከቦንሳም በላይ ታውቃለች። ናዝሬት ሥራዋን ያስተማራት ኮሌጅ የለም። በተዋሰችው አሮጌ ላፕቶፕ፣ ቪዲዮ እያየች፣ እየተሳሳተች ነው የተማረችው። የሥራው ስም ሲጠሩት ይከብዳል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። የድርጅቶችን ሰርቨር በር ከውጭ ታንኳኳለች፤ የምትልከው ቃል መንገድ ላይ ማንም እንዳያነበው ይመሰጠር እንደሆነ፣ በምን ዓይነት ቁልፍ እንደሚቆለፍ፣ ያረጀና የተሻረ ቁልፍ ያመጣን ሰው ሰርቨሩ እሺ ብሎ ያስገባ እንደሆነ ትፈትሻለች። መጨረሻ ላይ እንደ ትምህርት ቤት ውጤት ይሰጣል። ትናንት ከሰዓት የፈተሸችው ያንኑ የላፍቶ ላቦራቶሪ ነበር። ቁልፉ አለ፤ ዋጋው ተከፍሎበት በጥር ታድሷል። አጠገቡ ግን ጨርሶ ያልተቆለፈ ሌላ በር አለ፤ ለታካሚ ስልክ የሚላከው ሊንክ ሁሉ የሚያልፈውም በዚያ በር ነው። ‹ውጤት፦ ወድቋል። ምክንያት፦ ያልተመሰጠረ መተላለፊያ› ብላ ጽፋ፣ ላፕቶፑን ዘግታ፣ ወደ ቤቷ ሄደች። እናቷም በዚያ በር እንዳለፈች አልመጣላትም። አንድ መስመር ነበር የጻፈችው፤ ደረቅ መስመር።

ቢሯቸው ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር፣ ከአንድ የሞባይል መለዋወጫ ሱቅ በላይ ነው። አለቃዋ ሮበሌ ከመቀመጫው ተነሥቶ ተቀበላት፤ ከሐዘኗ ወዲህ እንዲህ ነው የሚያደርገው። ዛሬ ግን አነሣሡ ሌላ ጉዳይ ነበረው።

«ናዚዬ፣ ያን ሪፖርት አየሁት። አንቺ እኮ ጨካኝ ነሽ!» ብሎ ሳቀ። «ሰዎቹ አዲስ ቅርንጫፍ ሊከፍቱ ነው። የውጭ ኢንሹራንስ አብሯቸው ሊሠራ ይቺን ወረቀት ይጠብቃል። ‹አልፏል› በያቸውና ከሥር ‹ሊሻሻሉ የሚገባቸው› ብለሽ ነገሩን ጣል አድርጊው። እኔ አስተካክዬ አትሜዋለሁ፤ ያንቺ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው፤ አሁኑኑ ላደርስላቸው ነው።»

«ክፍት ነው እኮ ሮቤ።»

«በዚህ ከተማ ያልተከፈተ ምን አለ? ጉድጓዱ ክፍት፣ ቱቦው ክፍት...»

ናዝሬት አልሳቀችም። «አብሬህ እሄዳለሁ» አለችው። «እፈርም እንደሆነ እዚያ አያለሁ።»

በሮበሌ ቪትዝ መኪና ላፍቶ ሄዱ። ላቦራቶሪው መስታወት የለበሰ ሕንፃ ነው። ምድር ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ሰው ቁጥር ይዞ በብረት ወንበር ተደርድሯል፤ በግድግዳው ላይ የምርመራው ዋጋ እንደ ሆቴል ምግብ ዝርዝር ተሰቅሏል። እናቷ እዚህ ተቀምጣ ነበር። የትኛው ወንበር ላይ እንደሆነ ናዝሬት ሳታስበው ፈለገች። የላቦራቶሪው ኃላፊ የሆኑት ዶክተር ሰው ስለያዛቸው ጠብቁ ተባሉ፤ እሷም እንግዳ መቀበያው መስኮት ጋ ቆማ ስትጠብቅ ዓይኗ ኮምፒውተሩ ጥግ ላይ ያረፈው ቀን ላይ ወደቀ።

«እህቴ፣ ይሄ ቀን ልክ ነው?»

መስኮቱ ላይ ያለችው ጫልቱ የምትባል፣ ጠዋት ሙሉ ስም ስትጠራ ድምፅዋ የተዘጋ ልጅ ናት። «ልክ ነው እንጂ! መጋቢት ሁለት ሺህ አሥራ ስምንት አይደለም እንዴ?»

«በኛ ነዋ። ኮምፒውተሩ ግን የሚያውቀው የፈረንጅ ነው።»

«እሱማ በፊት የፈረንጅ ነበር። ሽማግሌዎቹ ‹ይሄ ቀን የኔ አይደለም፣ የሌላ ሰው ነው የሰጣችሁኝ› እያሉ ወረቀቱን መለሱብን። አንዱማ ደም እንደገና ካልቀዳችሁኝ ብሎ ተጣላ! አምና ዶክተር ‹ቀኑን ቀይሩት› አሉና በሁሉም ኮምፒውተር ቀየርነው። ከዚያ ደግሞ ድረገጹ አልከፍት አለ። ቀይ ነገር ያመጣል፣ ሰዓትሽ ወደ ኋላ ቀርቷል ይላል። ሦስት ቀን ተሰቃየን። በኋላ ዮኒ አንድ ነገር አደረገና ተከፈተ።»

ናዝሬት የመስኮቱን ጠርዝ ያዘች። እንዲህ ያለ ቁልፍ፣ በጥር የታደሰውም ከሱ በፊት የነበረውም፣ የተወለደበትና የሚሞትበት ቀን አለው። የጫልቱ ኮምፒውተር ግን ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ተቀምጧል፤ በሱ ዘንድ ቁልፉ ገና አልተወለደም፤ ስለዚህ አላምነውም ይላል። ማሽኑ ትክክል ነበር። ቀኑን መልሶ፣ ወረቀቱ ላይ ብቻ የሐበሻው ቀን እንዲታተም ማድረግ የአንድ ቀን ሥራ ነው። እነሱ ግን በስድስት ኮምፒውተር ላይ የመጣውን ቀይ ነገር ለማጥፋት የከተማውን ታካሚ ሁሉ በር ወለል አድርገው ከፈቱት። ክፋት ቢሆን በተሻለ ነበር። ለክፋት ሰው ይጨነቅበታል፣ ያስብበታል። እናቷን የገደላት እንኳ ይሄ አይደለም፤ በሽታ ነው የገደላት። የነሱ ግድየለሽነት ግን አሟሟቷን ቀምቷታል።

ሲጠሩ ፎቅ ላይ ወዳለው የዶክተር እስጢፋኖስ ቢሮ ገቡ። ቆዳ ሶፋ፣ የተሞላ የውኃ ጠርሙስ፣ ከመስኮቱ ባሻገር በግንባታ ላይ ያለው የአዲሱ ቅርንጫፍ ሕንፃ። ዮኒ የተባለው የኮምፒውተር ባለሙያ በሩ አጠገብ ተቀምጦ ጫማውን ያያል። ሮበሌ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና እስክሪብቶውን ወደ ናዝሬት ገፋ አደረገው።

«ያ ያልተቆለፈው በር ዛሬ ይዘጋል?» አለች እስክሪብቶውን ሳትነካ።

«ዮኒ፣ ስንት ጊዜ ይፈጃል?» አሉ ዶክተሩ።

«አንድ ቀን ሰርቨሩን ከዘጋን... ነግሬዎት ነበር ዶክተር።»

«አንድ ቀን የዘጋ ላቦራቶሪ ታካሚው አስፋልቱን ተሻግሮ ማዶ ይገባል!» ወደ ናዝሬት ዞሩ፤ ድምፃቸው ለታካሚ የሚናገሩበት ዓይነት ለስላሳ ሆነ። «ደግሞስ የኔ እህት፣ ማን ያየዋል ብለሽ ነው? የኛ ታካሚ ባለሥልጣን አይደለም። ጡረተኛ ነው፣ ነጋዴ ነው፣ የቤት እመቤት ናት። የነሱን ደም ማን ይሰልላል?»

«ጎረቤት» አለች ናዝሬት።

ዶክተሩ ያልሰሙ መሰሉ። እሷ ግን ቀጠለች። የእናቷን ስም ከነአባቷ ተናገረች፣ በኅዳር የመጣችበትን፣ ውጤቷ በማን ቤት እንዳለፈ፣ ማን ለማን እንዳወራው፣ ጉሊት ላይ ምን እንደተባለች። ማልቀስ አልፈለገችም፤ አላለቀሰችምም። ሮበሌ አንገቱን ደፋ። የእናቷ ቤት ለቅሶ መጥቶ ንፍሮ ቆርጥሟል፤ ይሄን ግን አያውቅም ነበር።

«ነፍስ ይማር» አሉ ዶክተሩ፤ ከልባቸውም ይመስል ነበር። ከዚያ ግን መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ሕመሟን ከራሷ የደበቃችኋት እናንተ ናችሁ። እኛ ለቤተሰቡ ነው የላክነው። ቀድማችሁ ብትነግሯት ኖሮ ጎረቤት ምን ይነግራት ነበር? ጥፋቱን ሁሉ እኛ ላይ...»

ይቺ ወጋቻት፤ እውነት ስላለባት ወጋቻት።

«ደብቀናታል» አለች። «አዎ። ስሕተትም ይሁን ጽድቅ፣ በኛና በእሷ መካከል ነበር። አንድ ቀን እግሯ ሥር ተቀምጬ፣ ‹እማዬ፣ ዋሽተንሻል› እላት ነበር። ትሰድበኝ ነበር። ታለቅስ ነበር። ምናልባት ትታከም ነበር። እርስዎ ያን ቀን ወሰዱብኝ። የወሰዱት ደግሞ ለምን እንደሆነ ያውቃሉ? አንድ ቀን ላለመዝጋት! እና ነገ የማንን እናት ነው የምትልኩት?»

«ናዚ፣ በቃ፣ ረጋ በይ» አለ ሮበሌ። ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበው። «ዶክተር፣ እሷ ሐዘን ላይ ናት። እኔው እፈርመዋለሁ።»

ናዝሬት ተነሣች። ማንም አላስቆማትም፤ ሐዘንተኛ ሴት ስትወጣ ልታለቅስ እንደሆነ ነው የሚታሰበው። ደረጃውን ወርዳ አዳራሹ መሐል ቆመች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ሰው ፊት መናገር የማትወድ ልጅ፣ ድምፅዋ ሲወጣ የራሷ አልመሰላትም።

«ውጤት በስልክ የምትቀበሉ! ሊንኩን አትክፈቱት! መንገድ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ያነበዋል። ከነስማችሁ። ኤች አይ ቪ በሉ፣ ካንሰር በሉ፣ እርግዝና በሉ፤ ያልተቆለፈ ነው። በወረቀት ውሰዱ!»

መጀመሪያ ሰዉ እንደ ለማኝ ነበር ያያት። ቀጥሎ አንዲት ወጣት ስልኳን ደረቷ ላይ አጣበቀች። አንዲት እናት ተነሥታ «የኔ ልጅ ውጤትም?» አለች፤ ናዝሬት «የሁላችሁም» ብላ ሳትጨርስ የብረት ወንበሮቹ መንኳኳት ጀመሩ። ሰዉ ወደ መስኮቱ ተመመ። «የኔን አጥፊልኝ!» «ማን ፈቀደላችሁ?» «ያምናው ተልኮልኛል፤ እሱስ?» ጫልቱ ሁለት እጇን ወደ ላይ አነሣች። ጥበቃው መጥቶ የናዝሬትን ክርን ያዘ፤ ግን ወዴት እንደሚወስዳት አያውቅምና እንደያዘ ቆመ። ዶክተሩ ደረጃው ላይ ብቅ ብለው «ተረጋጉ! ሁሉም ደህና ነው!» እያሉ ነበር፣ የጫልቱ ኮምፒውተር ስክሪን ባዶ ሲሆን። ከዚያ የአጠገቧ። ከዚያ የገንዘብ ተቀባዩ። ዮኒ ከላይ ወርዶ ሰርቨሩ ያለበትን የጓዳ በር ከፍቶ እንደገባ ያየ የለም፤ ሲወጣ ግን አይተውታል። የዶክተሩን ዓይን ላለማየት ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ሄዶ ጫልቱ ጆሮ ላይ አንድ ነገር አለ።

ጫልቱ በተዘጋ ድምፅዋ፣ በዚህ ከተማ ባንክም ቀበሌም መብራት ኃይልም ሰው ሁሉ የሚጠላውን ቃል ጮኸች፦ «ሲስተም የለም! እስከ ነገ ሲስተም የለም!»

አዳራሹ ተራገመ። «ምን ዓይነት አገር ነው!» አለ አንዱ። ናዝሬት ያን ቃል በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትናደድ ሰማችው። ጥበቃው ክርኗን ለቀቃት። ሮበሌ ከላይ እስክሪብቶውን እንደያዘ ቆሞ ሲያያት እሷ ዘወር ብላ ወጣች። ሥራዋ እዚያ እንደቀረ አውቃለች። ንዴቷ ግን አልቀረም፤ አብሯት ወጣ።

በረንዳው ላይ አንድ ሽማግሌ ወረቀት ይዘው ቆመዋል። ሲስተሙ ሳይጠፋ የታተመላቸው የመጨረሻው ሰው ሳይሆኑ አይቀሩም።

«አንቺ ነሽ ያዘጋሽው?»

«አዎ አባቴ።»

«አበጀሽ። ወይም አላበጀሽም፣ እኔ አላውቅም። ልጄ ነበር ከስልኩ የሚያነብልኝ። አሁን ወረቀቱን ሰጡኝ፣ ዓይኔን ደግሞ ሞራ ጋርዶታል።» ወረቀቱን ዘረጉላት። «አንብቢልኝ እስቲ። እንዳለ። የሚያጣፍጥ ሰው ቤቴ ሞልቷል።»

ናዝሬት ወረቀቱን ተቀበለች። ስማቸውን ጠርታ ቀጣዩን መስመር ልትጀምር ስትል አጠገባቸው የቆመች ሴት አንገቷን ሰገግ አድርጋ ስትጠብቅ አየቻት፤ እያዘነች፣ ለማጽናናት የተዘጋጀ ፊት ይዛ።

«ምን ይፈልጋሉ?» አለቻት ናዝሬት።

«እኔማ... ምንም፤ እንዲያው ሽማግሌው አሳዝነውኝ...»

«ይሂዱ! ይሂዱ ከዚህ!»

ሴትዮዋ እየተሳደበች ራቀች። ናዝሬት ሽማግሌውን ክንዳቸውን ይዛ ከበረንዳው ጥግ፣ ሰው ወደሌለበት ወሰደቻቸው፤ አፏን ጆሯቸው ድረስ አስጠግታ፣ ከሁለታቸው በቀር ማንም በማይሰማው ድምፅ፣ ከመጀመሪያው መስመር ጀምራ አነበበችላቸው።